ሁለት የስም ዝርዝሮች እኩል የሚሆኑት መቼ ነው? በሳንጃ ቆላ የሰሊጥ ሥራ ምሳሌነት ስለ ኮምፒዩተር ንጽጽር የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

የኮምፒዩተር ቋንቋ መማር የጀመረ ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር የሚገጥመው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «እነዚህ ሁለት ዝርዝሮች አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ?» የሚል ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በአማርኛችን እንኳ «ያው መዝገብ ነው» ስንል ሁለት ልዩ ልዩ ነገር ማለታችን ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ትናንት ያየነው ወረቀት ራሱ ነው ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ወረቀቱ ሌላ ቢሆንም የተጻፈበት ቃል አልተለየም ማለት ነው። ሰው ሲነጋገር ከአነጋገሩ ሁኔታ የትኛው እንደ ታሰበ ይገባዋል፤ ኮምፒዩተር ግን በትክክል ካልተነገረው አይገባውም።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ኮምፒዩተር ሁለት ዝርዝሮችን ሲያነጻጽር በእርግጥ የሚያደርገውን ነው፤ እንዲሁም ስሞቹ በፊደላችን ሲጻፉ የሚመጣውን ልዩ ችግር ነው። ዝርዝር የምንለው በተራ የተቀመጡ ዋጋዎችን ሲሆን፣ ባለሙያዎቹ አሬይ ይሉታል፤ ፓይተን በተባለው ቋንቋ ደግሞ ሊስት ይባላል። ምሳሌዎቻችንን የምንጽፈው በፓይተን ነው። ምክንያቱም በእንደ አውሮፓ አቆጣጠር 2008 ከወጣው ከ3ኛው እትሙ ጀምሮ ፓይተን የዝርዝሮችን መጠሪያ በግዕዝ ፊደል ለመጻፍ ስለሚፈቅድ፣ ከዚህ በታች የምናቀርበው ሁሉ ሳይለወጥ በመኪናው ላይ ሊሞከር ይችላል።

፩ የምሳሌው ቦታና ሥራ

ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። አገሩ ሞቃት ቆላ ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ እስከ ሱዳን ወሰን ድረስ፣ በምዕራብ አርማጭሆና በመተማ በኩል የተዘረጋው ሜዳ በሰሊጥ፣ በማሽላና በጥጥ የታወቀ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም የዚህን አገር ሰሊጥ የሁመራ ጎንደር ዓይነት ብሎ ለይቶ መድቦታል።

የሰሊጥ ጠባይ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አለው። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬውን የያዘው ከረጢት ከጫፉ ይከፈታል፤ ስለዚህ በጊዜው ካልታጨደ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። የታጨደው እየታሰረ በክምር ይቆማል፤ ይህን ክምር የአገሩ ሰው ሂላ ይለዋል። ሲደርቅም ተገልብጦ ይራገፋል። አጨዳው በጥቂት ሳምንታት ማለቅ ስላለበት ከደጋው አገር እጅግ ብዙ ሠራተኛ ይወርዳል። ከሠራተኛውም አብዛኛው ሥራው እንዳለቀ ወደ አገሩ የሚመለስ ነው፤ ከእርሻ ወደ እርሻ እየተዘዋወረ በዚያው በቆላው የሚኖረው ደግሞ ሳሉግ ይባላል።

እንግዲህ በአንድ እርሻ ሁለት መዝገብ አለ እንበል። አንደኛውን የሚይዘው ካቦው ሲሆን በየማለዳው የመጡትን ሠራተኞች ስም ይጽፋል። ሁለተኛውን የሚይዘው ገንዘብ ከፋዩ ነው። የሥራው መጨረሻ ሲደርስ ሁለቱ መዝገቦች ይተያያሉ፤ በሁለቱም የተገኘ ሰው ይከፈለዋል፤ በአንዱ ብቻ የተገኘው ግን «ቆይ ይጣራል» ይባላል። መኪናው ከመነሣቱ በፊት ነገሩ ካልተጣራ፣ ያ ሰው የድካሙን ዋጋ ትቶ ወደ አገሩ ይሄዳል፤ ወይም የመሳፈሪያ ገንዘብ ሳይኖረው በቆላው ይቀራል። ስለዚህ «እኩል ነው» ወይም «እኩል አይደለም» የሚለው መልስ የሰው እንጀራ የሚያያዝበት መልስ ነው።

፪ ማንነትና እኩልነት

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ እነርሱም ማንነትና እኩልነት ናቸው። የሚከተለውን እንመልከት፤ ስሞቹ ለምሳሌ ብቻ የተመረጡ ናቸው።

ሀ = ['ኃይሉ', 'ፀሐይ', 'ዓለሙ']
ለ = ['ኃይሉ', 'ፀሐይ', 'ዓለሙ']
መ = ሀ

ሀ == ለ ብለን ብንጠይቅ መልሱ እውነት ነው፤ ምክንያቱም በየተራው የተቀመጡት ስሞች አንድ ዓይነት ናቸው። ነገር ግን ኢዝ በተባለው ቃል ሀ ራሱ ለ መሆኑን ብንጠይቅ መልሱ ሐሰት ነው። ሁለቱ በኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ በልዩ ልዩ ቦታ የተቀመጡ ሁለት ዝርዝሮች ናቸውና። ሀ እና መ ግን አንድ ዝርዝር ናቸው፤ ለአንድ መዝገብ ሁለት መጠሪያ እንደ መስጠት ነው።

ሁለት እኩልታ ምልክት የሚሰጠው ትርጉም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ይለያያል፤ ጀማሪዎችም ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዚህ ነው። በፓይተን ይህ ምልክት የዝርዝሩን ይዘት ያነጻጽራል። በጃቫስክሪፕት ግን [1, 2] == [1, 2] ብንል መልሱ ሐሰት ነው፤ ቋንቋው የሚጠይቀው ይዘቱን ሳይሆን ማንነቱን ስለ ሆነ ነው። በጃቫም እንዲሁ ምልክቱ ማንነትን ስለሚጠይቅ፣ ይዘትን ለማነጻጸር አሬይስ ኢኩዋልስ የተባለውን ትእዛዝ መጠቀም ግድ ነው፤ በዝርዝር ውስጥ ሌላ ዝርዝር ካለም ዲፕ ኢኩዋልስ የተባለው ያስፈልጋል። በሲ ቋንቋ ደግሞ ሁለት አሬዮችን በዚህ ምልክት ማነጻጸር የመጀመሪያ አድራሻቸውን ማነጻጸር ነው፤ ይህም ሁለት ቤቶች በዕቃቸው አንድ መሆናቸውን ለማወቅ የበራቸውን ቁጥር እንደ ማየት ይቆጠራል።

የማንነት ነገር የሚያመጣው ሌላ አደጋም አለ። ገንዘብ ከፋዩ የትናንቱን መዝገብ ለማስቀረት መ = ሀ ብሎ ቢጽፍና ዛሬ በሀ ላይ አንድ ስም ቢጨመር፣ ስሙ በመም ላይ ይታያል። ማታ «ከትናንት የተለወጠ ነገር አለን?» ብሎ ቢጠይቅ ኮምፒዩተሩ ምንም አልተለወጠም ብሎ ይመልሳል። መዝገቡን ከራሱ ጋር አነጻጽሮ ኖሯልና መልሱ ሁልጊዜ እውነት ነው። ይህ ስሕተት «እኩል አይደለም» ከሚለው የሐሰት መልስ ይልቅ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ማንንም አያስጠነቅቅም። በደንብ ግልባጭ ለማድረግ መ = ሀ[:] ተብሎ መጻፍ አለበት። በዚህም ቢሆን በውስጡ ያሉት ነገሮች ራሳቸው ዝርዝሮች ከሆኑ፣ ለምሳሌ የያንዳንዱ ሰው ስምና የሥራ ቀን አንድ ላይ የተያዘበት ከሆነ፣ ውስጠኞቹ አልተገለበጡም፤ ስለዚህ እነርሱም ለየብቻቸው መገልበጥ አለባቸው።

፫ ንጽጽሩ እንዴት እንደሚካሄድ

ፓይተን የሁለት ዝርዝሮችን እኩልነት ሲመረምር በመጀመሪያ ርዝመታቸውን ያያል። ርዝመታቸው ከተለያየ ወዲያው ሐሰት ይላል። እኩል ከሆነ ግን አንደኛውን ከአንደኛው፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው ጋር እያስተያየ ይሄዳል፤ የመጀመሪያውን ልዩነት ባገኘበትም ቦታ ያቆማል። ስለዚህ የሚሰጠው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ ልዩነቱ የት እንዳለ አይናገርም። ለእርሻው መዝገብ የሚበጀው ግን «የትኛው ስም?» የሚለው ጥያቄ ስለ ሆነ፣ አንድ በአንድ አነጻጽሮ ለያንዳንዱ ተራ እውነት ወይም ሐሰት ብሎ የሚጽፍ ስልት ይሻላል። ነምፓይ የተባለው የፓይተን ተጨማሪ መሣሪያ ርዝመታቸው እኩል በሆነ አሬዮች ላይ የሚሠራው እንደዚህ ነው።

ማነስና መብለጥንም መጠየቅ ይቻላል። እዚህ ላይ ደንቡ የመዝገበ ቃላት ደንብ ነው፤ መጀመሪያ የተለያዩበት ቦታ ፍርዱን ይሰጣል። ስለዚህ [2, 9, 5] ከ[2, 10] ያንሳል፤ ሦስት ነገር ቢይዝም በሁለተኛው ተራ 9 ከ10 ያንሳልና። አንዱ የሌላው መጀመሪያ ሆኖ ካለቀ ግን አጭሩ ያንሳል፤ [2, 9] ከ[2, 9, 5] እንደሚያንስ ማለት ነው።

፬ ቅደም ተከተልና ብዛት

ካቦው ስም የሚጽፈው ሠራተኛው በመጣበት ተራ ነው፤ ከፋዩ ግን በፊደል ተራ ያስቀምጣል። በሁለቱ መዝገቦች ያሉት ሰዎች ፍጹም አንድ ቢሆኑም፣ ተራቸው ስለ ተለያየ ንጽጽሩ ሐሰት ይላል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገን ሰዎቹ እንጂ ተራቸው ስላልሆነ፣ ሁለቱንም ሶርትድ በተባለው ትእዛዝ በአንድ ደንብ ደርድሮ ከዚያ ማነጻጸር ይገባል።

አንዳንዶች ይህን በማሳጠር ዝርዝሩን ሴት ወደሚባለው ስብስብ ለውጠው ያነጻጽራሉ። ስብስብ ግን አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አይቆጥርም። ['ኃይሉ', 'ኃይሉ', 'ዓለሙ'] የሚለው ዝርዝር ስብስብ ሲሆን ['ኃይሉ', 'ዓለሙ'] ከሚለው ጋር እኩል ይሆናል። በአንድ የአጨዳ ቡድን ውስጥ ሁለት ኃይሉ መኖሩ ደግሞ የሚያስደንቅ አይደለም። ኮምፒዩተሩ «መዝገቦቹ ተስማምተዋል» ሲል ከሁለቱ አንደኛው ሳይከፈለው ይቀራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ትቶ ብዛቱን የሚጠብቅ ንጽጽር ያስፈልጋል፤ በፓይተን ካውንተር የተባለው መሣሪያ እያንዳንዱ ስም ስንት ጊዜ እንደ ተገኘ ስለሚቆጥር ለዚህ ይጠቅማል።

የድካሙም መጠን መታሰብ አለበት። ያልተደረደሩ ሁለት የ500 ሰው ዝርዝሮች ቢኖሩና እያንዳንዱን ስም ከሌላው ዝርዝር ስሞች ሁሉ ጋር ብናስተያይ ንጽጽሩ 250,000 ጊዜ ይደረጋል። ሁለቱን ደርድሮ ጎን ለጎን መውረድ ግን የዚህን ጥቂት ክፍል ብቻ ይጠይቃል። ለኮምፒዩተር ይህ ልዩነት በ500 ሰው አይታወቅ ይሆናል፤ በእጅ ለሚያመሳክር ጸሐፊ ግን የአንድ ሰዓትና የብዙ ቀን ልዩነት ነው።

፭ የፊደላችን ነገር

እስካሁን የተናገርነው ለማንኛውም አገር ቋንቋ የሚሠራ ነው። አሁን ግን ወደ ራሳችን ጉዳይ እንደርሳለን።

እንደሚታወቀው በግዕዝ ቋንቋ የተለያየ ድምፅ የነበራቸው አንዳንድ ፊደላት በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነዋል። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሠና ሰ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ እነዚህ ናቸው። በተጨማሪም በሀና በአ ቤት የመጀመሪያውና አራተኛው ድምፅ አንድ ሆኗል፤ ሀና ሃ፣ አና ኣ እንደማለት ነው። ጆሮ አይለያቸውም፤ ኮምፒዩተር ግን ይለያቸዋል። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መደብ ፊደላችንን ያስገባው በእንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1999 በወጣው 3ኛ እትሙ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል። በዚህም መሠረት ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736 ነው፤ ሠ 4640፣ ሰ 4656፤ አ 4768፣ ዐ 4816፤ ጸ 4920፣ ፀ 4928 ነው። ኮምፒዩተር ሁለት ስሞችን ሲያነጻጽር የሚያስተያየው እነዚህን ቁጥሮች ነው እንጂ ድምፁን አይደለም።

የዚህን ውጤት በቁጥር እንመልከተው። ኃይሉ የሚለው ስም የመጀመሪያ ፊደል በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀና በኃ ሊጻፍ ይችላል፤ ኻን ሳንቆጥር 6 አጻጻፍ አለው ማለት ነው። ፀሐይ የሚለው ስም በሁለት ዓይነት «ፀ» እና በስድስት ዓይነት «ሐ» 12 አጻጻፍ ይኖረዋል። ዓለምፀሐይ የሚለው ስም ደግሞ በአራት ዓይነት «ዓ» (አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ) ሲባዛ 48 አጻጻፍ ይሆናል። አንዲት ሴት ናት፤ ስሟም ሲጠራ አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን 48 ልዩ ልዩ ቃል ነው። ካቦው አንዱን፣ ከፋዩ ሌላውን ቢጽፉ ማንም አልተሳሳተም፤ ንጽጽሩ ግን ሴትዮዋን በሁለቱም መዝገብ የለችም ሊል ይችላል።

መደርደርም አያድንም። በዩኒኮድ ተራ ሀይሉ ከለማ በፊት ይመጣል፤ ሐይሉ ከለማ በኋላ ይሆናል፤ ኀይሉ ደግሞ ከተስፋ በኋላ ርቆ ይወድቃል። ተራው ራሱ ሀለሐመ የሚባለውን ስለሚከተል ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው የተከተሉት አበገደ የተባለውን ተራ መሆኑን ያየ ሰው፣ የፊደል ቅደም ተከተል በስምምነት የሚቆም እንጂ ከፊደሉ ጋር የተፈጠረ አለመሆኑን ይረዳል።

መፍትሔው ከንጽጽሩ በፊት ፊደላቱን ወደ አንድ መመለስ ነው። ለእያንዳንዱ ስም መመሳከሪያ የሚሆን ሁለተኛ ጽሕፈት ይዘጋጃል፤ በዚያም ውስጥ ሐና ኀ ከነዘራቸው ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ፤ አራተኛዎቹ ሃና ኣም ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። ፊደላችን በዩኒኮድ በስምንት በስምንት ቁጥር ተራ ስለ ተቀመጠ ለውጡን መሥራት ቀላል ነው፤ ለምሳሌ ከሐ ቤት ማንኛውም ዘር 16 ሲቀነስለት የሀ ቤት ተመሳሳዩ ይገኛል። ደግሞም ወልደ ገብርኤል ተለያይቶ፣ ተጋጥሞ ወይም ወ/ገብርኤል ተብሎ ስለሚጻፍ፣ ክፍት ቦታውን ማጥፋትና ምሕጻረ ቃሉን መዘርዘር ያስፈልጋል። ከስሙ በኋላ ሳይታወቅ የተመታ አንድ ክፍት ቦታም ለዓይን ሳይታይ ሁለቱን ስሞች ሊያለያይ ይችላል።

በዚህ ረገድ ሁለት ጥንቃቄ እንዲደረግ እናሳስባለን። አንደኛ፣ መመሳከሪያው የስሙን ቦታ መውሰድ የለበትም። በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ሰረቀ ማለት ሰረቀ ነው፤ ሠዐለ ሥዕል ከመሣል፣ ሰአለ ከመለመን ጋር ነው። ፊደሉ ትርጉም የሚጠብቅበት ቦታ ስላለ፣ ሰውም ስሙን እንደ ለመደው የመጻፍ መብት ስላለው፣ የመጀመሪያው አጻጻፍ ሳይነካ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ፊደል ሲቀነስ የሚመሳሰሉ ስሞች ይበዛሉ። ስለዚህ ስምን ከነአባትና ከነአያት ስም ማነጻጸር ይገባል። የፋይዳ መታወቂያ ቁጥር ላላቸው ሠራተኞች ግን ቁጥሩን ማስተያየት ከሁሉ ይሻላል፤ ቁጥር ሞክሼ የለውምና።

፮ የሚዛንና የገንዘብ ቁጥር

ቁጥርም የራሱ ወጥመድ አለው። ቁጥር እንደ ጽሑፍ ከተመዘገበ በመዝገበ ቃላት ደንብ ይነጻጸራል፤ '90' ከ'100' ይበልጣል ይባላል፤ 9 ከ1 ይበልጣልና። የ90 ኪሎና የ100 ኪሎ ከረጢት በዚህ ዓይነት ሲደረደር የደረሰኙ ተራ ይዛባል። ከዚህ ሌላ ኮምፒዩተር ክፍልፋይ ቁጥርን የሚይዘው በሁለት ቤት አቆጣጠር በመሆኑ፣ [0.1 + 0.2] == [0.3] ብንል መልሱ ሐሰት ነው። ስለዚህ ገንዘብ በብር ክፍልፋይ ሳይሆን በሙሉ ሳንቲም ቢያዝ ይበጃል፤ 350 ብር ከ50 ሳንቲም የሆነው 35,050 ሳንቲም ተብሎ ይጻፋል። ሚዛን ግን በተፈጥሮው ጥቂት ስለሚለያይ፣ ሁለት ሚዛኖች «እኩል» የሚባሉበትን የልዩነት ወሰን ገዥና ሻጭ አስቀድመው ይስማሙ፤ ንጽጽሩም ልዩነቱ ከወሰኑ ማለፉን ይጠይቅ።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው እንደሚታየው ሁለት ዝርዝሮች እኩል ናቸው ወይም አይደሉም ከማለት በፊት የሚከተሉትን መጠየቅ ይገባል። የምንጠይቀው ማንነትን ነው ወይስ ይዘትን? ቅደም ተከተሉ ጉዳይ አለውን? የተደጋገመው ነገር ይቆጠራልን? ሁለት ስሞችን ወይም ሁለት ቁጥሮችን አንድ ናቸው የምንለውስ በምን ደንብ ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ የፕሮግራም ቋንቋው አይመልስልንም፤ ፊደሉን፣ ሥራውንና ሰዎቹን የሚያውቅ ሰው ሊመልሰው ይገባል።

በመጨረሻም አንድ ነገር እናክላለን። ኮምፒዩተሩ ሐሰት ያለበት ስም ያልሠራ ሰው ማስረጃ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም፤ ገና መጣራት ያለበት ስም ብቻ ነው። ስለዚህ በንጽጽሩ ያልተገናኙት ስሞች በወረቀት ወጥተው፣ የክፍያው ጊዜ ሳያልፍ፣ ካቦው ባለበት ጮክ ተብለው ይጠሩ። በኀም ይጻፍ በሐ፣ ባለቤቱ ሲጠራ ይሰማል፤ «አቤት!» ብሎም ይመጣል።